ውሃው እስኪሄድ ድረስ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው የጀሪካን ሰልፍን ያውቃል። እኛ ግቢ አንድ ቧንቧ ለአምስት ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ መቅዳት ነው። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ። ቢጫዋ ጀሪካኔ ከሰልፉ ወጥታ ጥግ ቆማለች። በቦታዋ የጎረቤቴ ባልዲ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ተራው የኔ ነበር እኮ» አልኩ።

«አንተ እስክትነቃ ውሃው ይጠብቅሃል?» አሉኝ።

እዚህ ጋ ማቆም ይቻል ነበር። አላቆምኩም። ያለፈውን ወር የቆጣሪ ሂሳብ አነሳሁ። እሳቸው ደግሞ መዝሙር ጮክ አድርጌ መክፈቴን አነሱ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ተጨቃጭቀን ስንጨርስ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። ውሃው ሄዷል።

«የጠብ መጀመሪያ ውኃ እንደሚፈስስ ነው፤ ስለዚህ ጠብ ሳይበረታ ክርክርን ተው» ይላል ምሳሌ 17፥14። እኛ ዘንድ ጠቡ ፈሰሰ፣ ውሃው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ዘፍጥረት 26ን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ጀሪካን ትዝ ትለኛለች። ፍልስጥኤማውያን በይስሐቅ ቀንተው አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞሉባቸው። እስቲ አስቡት፤ ጉድጓድ የደፈነ ሰው እሱም አይጠጣ። ይስሐቅ ወደ ጌራራ ሸለቆ ወረደ። አገልጋዮቹ ቆፍረው የሚመነጭ ውሃ አገኙ። የጌራራ እረኞች መጥተው «ውኃው የእኛ ነው» አሉ። ይስሐቅ ጉድጓዱን ዔሤቅ፣ ክርክር፣ ብሎ ሰየመው። ሌላ አስቆፈረ፤ በዚያም ተጣሉት። ይህን ስጥና፣ ጠላትነት፣ አለው። ከዚያ ተነስቶ ሦስተኛ አስቆፈረ። በዚህኛው ማንም አልተጣላውም፤ ርኆቦት አለው፤ «አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን» ብሎ።

እኔን የሚገርመኝ ስሞቹ ናቸው። ይስሐቅ «ምንም አልተፈጠረም» አላለም። ክርክሩን ክርክር ብሎ ጠራው፣ ከዚያ ጥሎት ሄደ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ፊት ለፊት «ኧረ ምንም የለም፣ ጌታ ይባርክህ» እንላለን፤ ጉድጓዱን ግን አንለቅም።

ደግሞም መልቀቅ የሰነፍ ሥራ አይደለም። በእጅ በሚቆፈርበት ዘመን ጉድጓድ ስንት ቀን ይፈጃል? ይስሐቅ ለሰላም ሲል ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሯል። ከመጨቃጨቅ ይልቅ መቆፈሩን መረጠ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህ ክፍል ያለ አግባብ ሲጠቀስ ሰምቻለሁና። ይስሐቅ የተወው የራሱን ነው። ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛን «ስለ ሰላም ብለሽ ተዪው» ማለት የይስሐቅ መንገድ አይደለም። የሰው ድርሻ ላይ ቸር መሆን ቀላል ነው። ጳውሎስም ቢሆን ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላትያ 2)፤ የወንጌል እውነት ስለተነካ። ያው ጳውሎስ ግን ጢሞቴዎስን ጠብ ከሚያመጣ ከንቱ ክርክር ራቅ ይለዋል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ስለ አንድ ዘማሪ ልብስ ሁለት ሰዓት የተከራከርነው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

የሲዳማ አባቶች ሸንጎ ላይ «አፊኒ?» ይባላል። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ መጀመሪያ ይሰማል፣ ይጣራል፣ ፍርዱ ኋላ ይመጣል። እኔ ያን ጠዋት ጀሪካኔን ማን እንዳነሳት እንኳ አልጠየቅኩም። በኋላ ሳጣራ የግቢው ጠባቂ ነው፤ መንገድ ዘግታበት።

የይስሐቅ ታሪክ በርኆቦት አያበቃም። ቀድሞ «ከእኛ ሂድ» ብሎ ያባረረው የፍልስጥኤማውያን ንጉሥ አቢሜሌክ ራሱ ከሰዎቹ ጋር ተነስቶ መጣ። ይስሐቅም አልተለሳለሰም፤ ጠልታችሁ አባርራችሁኛል፣ አሁን ለምን መጣችሁ? አላቸው። እግዚአብሔር ከአንተ ጋር እንደሆነ አይተናል፣ ቃል ኪዳን እንጋባ አሉት። ግብዣ አደረገላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ። ማለዳ ተማማሉና በሰላም ሸኛቸው። በዚያው ቀን አገልጋዮቹ መጥተው «ውኃ አገኘን» አሉት።

እኔ እትዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ቡናውን ያፈሉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ላይ ደረሰኞቹን አውጥተን የቆጣሪውን ነገር አንድ በአንድ አየነው። ለካ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው።