የጠፋ ስልክ ከቢሮ ዋይፋይ «ይታገዳል» ሲባል

ባሕር ዳር ገበያ መሃል ወይም ጣና ዳር ጀልባ ሲሳፈሩ ስልክዎ ጠፋ እንበል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ «ወዲያውኑ ለአይቲ ክፍል ያሳውቁ፤ መሣሪያው ከኔትወርክ ይታገዳል» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስልኩ ጭራሽ የማይሠራ ይመስለዋል። አይደለም። የሚዘጋው የቢሮው በር ብቻ ነው። ሌባው ስልኩን ከከፈተው በራሱ ሲም እንደልቡ ይደውላል።

*#06# ሲደውሉ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) እዚህ ላይ አይረዳም፤ እሱ የቴሌ ጉዳይ ነው። ዋይፋዩ ስልኩን የሚለየው ማክ አድራሻ በሚባል ሌላ ቁጥር ነው። ችግሩ፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 (የአይፎን ሲስተም) ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ትተው የዘፈቀደ አድራሻ ያሳያሉ። ሴቲንግ የነካካ ሰው ደግሞ ሊቀይረው ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ማክ ማገድ ብቻውን ለይስሙላ ነው።

ዋናው ነገር የዋይፋዩ ፓስዎርድ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ አካውንት የሚገባ ከሆነ የእርስዎን ብቻ መቀየር ይበቃል። ቢሮው ሁሉ በአንድ ፓስዎርድ የሚጠቀም ከሆነ ግን (የስንቱ ቢሮ እንዲህ ነው!) ለሁሉም መቀየር ግድ ይላል። ኢሜይልና ቴሌግራም በዳታም ስለሚከፈቱ፣ በሌላ መሣሪያ ገብተው የጠፋውን ስልክ ከአካውንትዎ ያስወጡት።