«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው»፦ ይህች ተረት ስለ ሙያ ምርጫ የምትለው ነገር አላት

ይህችን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንዱ የተበላሸ ሶኬት ልጠግን ብሎ የቤቱን መብራት በሙሉ ድርግም ሲያደርገው፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ተው ብዬህ ነበር፤ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው!» ትርጉሟ ያው ግልጽ ነው። የማታውቀውን ሥራ አትንካ፣ ለሚያውቀው ተውለት ማለት ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ከዚህ ያለፈ ነገር ያላት አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን «ምን ልማር? ምን ልሥራ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማነሳው እሷን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። «ላጣሪው» ማለት «ለአጣሪው» ነው። አጣሪ ደግሞ አጥር የሚያጥር ሰው ነው። ይህን የምለው ከተማ ያደጉ ልጆች «አጣሪ» ሲባሉ አጣሪ ኮሚቴ ትዝ ስለሚላቸው ነው። የሚያጣራው ሳይሆን የሚያጥረው ነው። ተረቷ የገበሬ ናት፣ የተወለደችውም ከእሾህ አጥር ነው። ሽቦና ቆርቆሮ በሌለበት አገር ማሳውን ከከብት፣ በረቱን ከጅብ የሚጠብቀው እሾህ ነው። ግራሩ፣ ቀጋው፣ አጋሙ፣ በአካባቢው የበቀለው ሁሉ ተቆርጦ አጥር ይሆናል።

የእሾህ አጥር ሲታጠር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገጠር አያቴ ዘንድ እላክ ነበር። አንድ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ስደርስ የበቆሎ ማሳቸውን እያጠሩ አገኘኋቸው። በቆሎው ገና ጉልበት አልደረሰም። ከጎረቤት አንዲት ጥጃ ገብታ አንዱን ጥግ ሙልጭ አድርጋ በልታዋለች። አያቴ የቆረጡትን የቀጋ ቅርንጫፍ እሾህ ከሌለበት ከግንዱ በኩል ይዘው እየጎተቱ ያመጡታል። ከዚያ ግንዱን ወደ ማሳው ውስጥ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አድርገው ያጋድሙታል። በባላ እንጨት ጫን፣ ጫን ያደርጉታል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ ሲደረብ እሾሁ እርስ በርሱ ይያያዝና ከውጭ ሆኖ ጎትቶ መንቀል የማይታሰብ ይሆናል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። ቅርንጫፍ መደርደር ነው በቃ።

እኔም ልርዳ ብዬ አንዱን ቅርንጫፍ ከመሀሉ ጭብጥ አደረግኩት። ጩኸቴ እስከ ወንዙ ተሰማ።

አያቴ አልተቆጡም። አንገታቸው ላይ ያሰሯትን ወረንጦ አወጡ፣ መዳፌን ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ እሾሁንም አንድ በአንድ እየነቀሉ «ተው ልጄ፣ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉኝ። ያን ጊዜ የገባኝ «አንተ አትችልም፣ ዞር በል» ያሉኝ ነው። አኮረፍኩ። ዛሬ ግን ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ የእሳቸው መዳፍ። በትንንሽ ጠባሳ የተሞላ ነበር። ወረንጦዋም አንገታቸው ላይ የታሰረችው ለእኔ አልነበረም። እሳቸውም በየቀኑ ይወጉ ነበር ማለት ነው። ልዩነታችን የት ላይ እንደሚያዝ ማወቃቸው፣ ሲወጋቸውም ነቅለው መልሰው ሥራቸውን መያዛቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው ተረቷ የምትከፈተው። ልብ በሉ፣ «ወተት ለጠጪው» አላለችም። ሥራን ስታስብ ጎኑ ያስቀመጠችው እሾህ ነው። የትኛውም ሥራ የራሱ እሾህ አለው፣ እሾህ የሌለው ሥራ ፈልጎ ያገኘ የለም። ስለዚህ ሙያ ስንመርጥ «ምን ደስ ይለኛል?» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ደስ የሚለንማ ብዙ ነው። ጥያቄው «የየትኛውን ሥራ እሾህ ነው ተወግቼም የምመለስበት?» የሚል ነው። ሰው ለየትኛው ሥራ «ሠሪው» እንደሆነ የሚለየው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። ጊዜው 70/30 የሚባለው ነበር፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ነበር። እኔ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፣ ቤተሰብም ደስ አለው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለኝ ጀመር። አልጠላሁትም። ተመርቄ አንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ ሁለት ዓመት ሠራሁ። እዚያ ያለው እሾህ ግን የእኔ እሾህ አልነበረም። ፌሮ ቆጥሮ መረከቡ፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር በክፍያ መነታረኩ፣ ሲሚንቶ ዘገየ ተብሎ ሌሊት መደወሉ፣ አንዱም የሚገርም ነገር አይደለም፣ ከጎኔ የነበረው ልጅ ይህን ሁሉ እያፏጨ ይሠራው ነበር። እኔ ግን እሑድ ማታ ሲሆን ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር።

በዚያው ቦታ ግን አንድ ነገር ነበር። ከሥራ ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ፌሮ ሠራተኛ ፕላኑን አሳየኝ ይለኝ ነበር። በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ እየሳልኩ ይህ ኮለን ነው፣ ይህ ቢም ነው፣ ብረቱ ከታች የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው እያልኩ አስረዳዋለሁ። ሳይገባው ሲቀር ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፣ ሦስቴም አራቴም። ይመሽብናል። አንድ ቀን «አሃ!» ብሎ ፊቱ ሲበራ ቀኑን ሙሉ የነበረው ድካም ከላዬ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ዛሬ የሒሳብ መምህር ነኝ። የማስተማርም እሾህ አለው። ደመወዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የ60 ተማሪ ፈተና እየታረመ ይነጋል፣ ወላጅ ይቆጣል። ይወጋኛል። ነቅዬ እመለሳለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኔ ቢጤ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ፣ ለንደንም ሥዕል ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ መግቢያ ላይ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የእሳቸው ሥራ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ቆማችሁ እዩት። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የሄዱት ለኢንጂነሪንግ ነበር፤ ተመልሰው የመጡት ግን ኢትዮ ጃዝን ይዘው ነው። ሁለቱም የሄዱት ለአንድ ዓይነት ሥራ ነበር፣ ሠሪ የሆኑት ግን በሌላ ነው።

ተረቷ ክፉ ጎንም እንዳላት አልደብቅም። በራሷ አይደለም፣ እኛ ስንጠቀምባት ነው። ሰውን ከሩቅ ለመመለስ እንላታለን። «አንቺ ሴት ነሽ፣ መካኒክነት ለወንድ ተዪ፤ ሥራ ለሠሪው!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድሮ ደግሞ ሥራ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ፣ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ይሆናል፣ ከዚያም በገዛ ሙያው ይሰደባል። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አስቡት፣ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የሚሰድብ አገር! ተረቷ ግን ያለችው «ለሠሪው» ነው፣ «ለሠሪው ልጅ» አላለችም። የአጥር አጣሪ ልጅ ሆኖ መወለድ እሾህ መያዝ አያስተምርም፣ እኔ የልጅ ልጁ ነኝ፣ መዳፌ ምስክር ነው።

ያ ንቀት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ይህ በጣም ያመኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል ቴክኒክና ሙያ የገቡ ተማሪዎች አሉኝ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የገቡት፣ ሰው ሲጠይቃቸው «እስኪ ለጊዜው» ይላሉ። አንዱ ብየዳ ተምሮ አሁን በርና መስኮት ይሠራል። ባለፈው ሄጄ አየሁት። አንዲት የብረት ማዕዘን አልገጥም ስትለው ሦስት ጊዜ ቆረጣት፣ አራተኛው ላይ ገጠመች፣ ከዚያ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ በአውራ ጣቱ መገጣጠሚያዋን ዳሰሳት። ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ቁጭ ማለት የማይችል ልጅ ነበር። ክንዱ በፍንጣሪ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። የአያቴ መዳፍ ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ልበል። ቤት ኪራይ ያለበትና ታናናሾቹን የሚያሳድግ ሰው «የሚስማማህን ፈልግ» ቢባል ይናደዳል፣ ልክ ነው። የተገኘውን መሥራት ክብር ነው። እኔ የምለው ምርጫው በእጃቸው ላለ፣ በተለይ ለልጆቹ ነው። አንድ ሙያ ስትመርጡ የሚያብረቀርቀውን ጎኑን አትጠይቁ፣ እሱን ማንም ይነግራችኋል። ሠሪው ዘንድ ሂዱና እሾሁን አሳየኝ በሉት። ፕሮግራመሩን አንዲት ስሕተት ፍለጋ ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ ጠበቃውን በሳምንት ስንት ገጽ መዝገብ እንደሚያነብ፣ ሼፉን ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር የት እንደሚውል ጠይቁ። ከቻላችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ዋሉ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሕክምና ነው የምትለው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሐኪም ጓደኛዬ ጋ ይዣት ሄድኩ። ሻይ እየጠጣን «ከሥራሽ ሁሉ የሚከብድሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደር ወጥቼ፣ ለሚጠብቁት ሰዎች አልተረፈም ማለት» አለቻት። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ልጅቷ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ እሱን የምችለው ይመስለኛል። አያቴ ስትሞት ሁሉም ሲሸሽ እኔ አብሬያት ነበርኩ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ያን ጊዜ ቀን ከሌት አጠገባችን የነበረችው ነርሷ ናት» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነርሷ ጋ እንሄዳለን።