«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች»

ሰሞኑን በአንድ ስብሰባ ላይ ከገጠር የመጣ ወጣት በአገሩ ዘዬ ሲናገር፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሰው «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ብለው ሳቁ፤ ተረቱ ለማዋረድ ሲውል መስማቴ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ በአንኮበር አካባቢ ባለው በወፍ ዋሻ ደን ጥግ፣ በአያቴ ቤት ነው። አያቴ የሞፈር እንጨት ሊቆርጡ ሲወጡ ከመጥረቢያቸው አስቀድመው የሚሠሩት በጆሯቸው ነበር። ግንደ ቆርቁር የምትባለው ወፍ ደጋግማ የምትቀጠቅጠውን ዛፍ ትል ገብቶበታል ብለው ያልፉታል፤ ሌላውን ግንድ በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ አድርገው ያደምጣሉ። የደረቀ ጽድ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የበሰበሰ ኮሶ ድምፁ ይታፈናል። እኛንም ወፏን ሳናያት የምትቆረቁረውን ዛፍ በድምፁ ብቻ እንድንለይ ይፈትኑን ነበር።

ቀርበን ስናያት በጠንካራ ጅራቷ ግንዱን ተደግፋ እናገኛታለን፤ ቁመቷ 16 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ጀርባዋ ወርቅማ፣ ከጅራቷ በላይ ቀይ፣ ደረቷ በጥቋቁር ሰረዞች የተዥጎረጎረ። የወንዱ አናትና ማጅራት ቀይ ነው፤ የሴቷ ቡናማ። ይህች የደጋ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ግራር ሲወረድ ግን ደረቷ በነጠብጣብ የተሞላ ሌላ ግንደ ቆርቁር ትተካታለች፤ የዚህችኛዋ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የሚያሰሙት ጥሪ ከሩቅ ይሰማል።

ተረቱን የወለዱት በዚህ ቁልቁለት ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው፣ ወፏም ራሷ ግንደ ቆርቁር ናት ብዬ አምናለሁ። የብዙው ወፍ ድምፅ በአብዛኛው ከጉሮሮው ይወጣል፤ እርሷ ግን ግማሹን ድምፅዋን የምትበደረው ከአገሩ እንጨት ነው፤ ጽድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ግራር ላይ ሌላ ዓይነት ትሰማለች። «እንዳገሯ» የሚለው ቃል ከእርሷ የበለጠ ለማን ይስማማል? ከተማ የሚመሠርተውን ሰው «ቆረቆረ» የምንለውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ እርሷ ቆርቁራ የተወችው ጎጆ ለሌሎች ወፎች ቤት ይሆናልና።

አያቴ ተረቱን የሚያነሡት ከቆላ የመጣ እንግዳ አነጋገሩ አስቆን ስንንሾካሾክ ነበር። እንግዳው ፊት «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ብለው ይገሥጹናል፤ እኛም አፍረን ዝም እንላለን። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ተረቱ የተነገረው ለሳቂዎቹ ሳይሆን ለተናጋሪው ነበር፤ ይህን አጠቃቀም ልንተወው ይገባል።