«እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» ሲባል ውሃስ?

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ» ትባላላችሁ። ቤት ስትመለሱ ደግሞ አያት «ኧረ ልጁን ጠማው፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉለት» ይላሉ። ታዲያ ማን ይሰማ? በዚህ ነገር ጤና ጣቢያው። ቆላ ብትኖሩም፣ ሙቀቱ ቢያቃጥልም ውሃ አይሰጥም፣ ምክንያቱም የጡት ወተት ራሱ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ልጁ ከጠማው ደጋግሞ ይጠባል። የአብሽ ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ ለአራስ የሚያልሱት ቅቤ፣ የላም ወተት፣ ሁሉም ይቅር። ያቺን ትንሽ ሆድ ይሞሏታል፣ ልጁ መጥባቱን ይቀንሳል፣ የእናትየውም ወተት አብሮ ይቀንሳል፤ ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ የቫይታሚን ጠብታና ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ግን ደንቡን አያፈርሱም። እንገሩም፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት፣ አይደፋ፣ ለልጁ ነው።

6 ወር ማለት ደግሞ 6ኛው ወር ሲገባ ሳይሆን 6 ወር ሲሞላ ነው። ያኔ ገንፎ ይጀመራል፣ ጡቱ ግን አይቆምም፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ገንፎው ከማንኪያው ላይ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። መጀመሪያ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ምስር፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ዕንቁላል ጨምሩበት። ጾም ነው ብላችሁ ዕንቁላሉን አታስቀሩበት፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልጅ መጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ ነው። ድስቱ ይነካካብናል የምትሉ፣ ለልጁ ለብቻው ትንሽ ድስት ግዙለት።