ባንዶ ታማሳቡሮ፦ በካቡኪ መድረክ ልዕልት የሆነው ሰውዬ

ካቡኪ የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ነው። ሙዚቃ አለው፣ ውዝዋዜ አለው፣ ድምቅ ያለ ሜካፕ አለው፣ ሴት ተዋናይ ግን የለውም። ልዕልቷንም፣ እናቲቱንም፣ የመሸታ ቤት ውቢቱንም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። እነዚህ ሴት ሆነው የሚጫወቱ ወንዶች ኦናጋታ ይባላሉ። ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ኦናጋታዎች አንዱን ጥራ ብባል እኔ ሳላመነታ የምጠራው ባንዶ ታማሳቡሮን ነው። ሙሉ ማዕረጉ አምስተኛው ባንዶ ታማሳቡሮ ነው። በካቡኪ ስም ይወረሳልና ከሱ በፊት አራት ሰዎች ይዘውት ነበር።

የሚገርመው ካቡኪን የጀመረችው ሴት ናት። በ1603 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦኩኒ የምትባል ሴት ኪዮቶ ውስጥ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትጨፍር ከተማው ጉድ አለ። ብዙ ሳይቆይ የሴቶች ቡድን እንደ አሸን ፈላ። ከጭፈራው ጋር ሴተኛ አዳሪነቱም መጣ፣ በተዋናዮቹ ምክንያት ጠቡም በዛ፣ መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ። ቦታውን ለጋ ወጣት ወንዶች ያዙት፣ ያው ጣጣ ተደገመ፣ በ1652 እነሱም ታገዱ። የቀሩት ጎልማሳ ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ኦናጋታ የሚባለው ጥበብ በእገዳ ምክንያት የመጣ መላ ነው ማለት ይቻላል፣ እገዳው ከተረሳ በኋላ ግን ጥበቡ ራሱን ችሎ ቀረ።

ታማሳቡሮ በ1950 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። ካቡኪ የቤተሰብ ሙያ ነው፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያስተላለፈው የመጣ። የእሱ ወላጆች ግን የቴአትር ሰዎች አልነበሩም፣ ባህላዊ ምግብ ቤት ነበር የሚያስተዳድሩት። ገና በሕፃንነቱ ፖሊዮ ያዘው። ውዝዋዜ የጀመረውም እግሩ እንዲጠነክር ተብሎ ነው። ልጁ ግን ወደደው፣ ተሰጥኦም ነበረው።

የካቡኪ ተዋናዩ አሥራ አራተኛው ሞሪታ ካንያ ደቀ መዝሙሩ አደረገው። በ1957፣ በሰባት ዓመቱ፣ ባንዶ ኪኖጂ በሚል የልጅነት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። የተሰጠው ሚና ኮታሮ ነው፦ የጌታውን ልጅ ለማዳን ሲባል በምትኩ አንገቱ የሚቀላ ትንሽ ልጅ። በ1964 ካንያ እንደ ልጁ አድርጎ ወሰደውና የታማሳቡሮን ስም ሰጠው። ሰው ካቡኪን የደም ጉዳይ ነው ሲል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ግን ጉዲፈቻም ከጥንት ጀምሮ የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። ወራሽ ያጣ ቤት ጎበዝ ልጅ ወስዶ ስሙን ያቆማል።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ፦ ቁመት። ልጁ አደገ፣ አደገ፣ አንድ ሜትር ከሰባ ሦስት ደረሰ። ዛሬ ብዙም አይባልም፣ ያኔ ግን አብረውት የሚጫወቱት ወንዶች ብዙዎቹ ከሱ ያጥሩ ነበር። አፍቃሪዋ ከአፍቃሪው በጭንቅላት በልጣ ስትታይ ምን ዓይነት የፍቅር ትዕይንት ይሆናል? ለዚህ ኦናጋታዎች የቆየ ዘዴ አላቸው። ከኪሞኖው ስር ጉልበትን አጠፍ ያደርጋሉ። የጀርባን ትከሻ አጥንቶች ወደ መሀል ሰብስበው ወደ ታች ይጎትታሉ፣ ያን ጊዜ ትከሻ ይጠባል፣ አንገት ይረዝማል። ጉልበትን ከጉልበት አጣብቀው፣ የእግር ጣትን ወደ ውስጥ አዙረው ይራመዳሉ። ከወንዱ ጎን ሲቆሙም ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ይላሉ። ይሄን ሁሉ እያደረጉ ፊት ላይ ምንም ዓይነት ድካም መታየት የለበትም። በዚህ ላይ የልብሱን ክብደት ጨምሩበት፤ አጌማኪ የምትባለውን ዝነኛ የመሸታ ቤት ውቢት የሚጫወት ሰው የሚለብሰው ከነዊጉ ከ30 ኪሎ በላይ እንደሚሆን ይነገራል፣ ከእግሩ ስር ደግሞ ከፍ ያለ የእንጨት ጫማ አለ።

ዕድልም አግዞታል። በ1969፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ በብሔራዊ ቴአትር ላቀረበው አዲስ የካቡኪ ድርሰት የልዕልት ሺራኑይን ሚና ሰጠው። ስሙ ከካቡኪ ወዳጆች አልፎ ወጣ። ቀጥሎ ከካታኦካ ታካኦ ጋር ተጣመረ። ታካኦ ራሱ ዘንካታ ነው፣ ጉልበት ማጠፉ ትንሽ ቀለለለት መሰለኝ። ሕዝቡ የሁለቱን ስም አጋጥሞ «ታካታማ» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ በተለይ ወጣት ሴቶች ለእነሱ ሲሉ ቴአትር ቤት ይጎርፉ ነበር። ታካኦ አሁን የአባቱን ስም ወርሶ አሥራ አምስተኛው ካታኦካ ኒዛኤሞን ተብሏል።

የታማሳቡሮን ጥበብ በአንድ ሚና ብቻ አሳየኝ ለሚለኝ ሰው አኮያን እመርጣለሁ። በ1732 ለአሻንጉሊት ቴአትር ከተጻፈ ድርሰት የመጣች ናት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አኮያ የመሸታ ቤት ሴት ናት፣ ፍቅረኛዋ ካጌኪዮ ደግሞ በጦርነት የተሸነፈው ወገን ተዋጊ ነው፣ ተደብቋል። አሸናፊዎቹ ይዘዋት የት እንዳለ ተናገሪ ይሏታል። አላውቅም ትላለች። ኢዋናጋ የሚባለው ክፉ ሹም በውኃ እናሰቃያት ይላል። ዳኛው ሺጌታዳ ግን ሌላ ነገር አለው፦ ሦስት የሙዚቃ መሣሪያ ያስመጣና «ተጫወቺ» ይላታል። የምትዋሽ ከሆነ እጇ ይስታል፣ ቅኝቱ ይሰበራል ብሎ ነው።

አሁን ተዋናዩን አስቡት። መሣሪያዎቹን የሚጫወተው ራሱ ነው፣ እዚያው መድረክ ላይ፣ ያንን ሁሉ ልብስ ተሸክሞ። መጀመሪያ ኮቶ፣ 13 ክር ያለው፣ መሬት ላይ የሚጋደም። ቀጥሎ ሻሚሰን፣ ባለ ሦስት ክር። መጨረሻ ኮክዩ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ። እየተጫወተ ይዘፍናል፣ እየዘፈነ ያፈቀረችው ሰው የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ሐዘን ፊቱ ላይ ማሳየት አለበት፣ ሐዘኑ ግን ጣቶቹን ማወክ የለበትም፤ አንዲት ክር ብትስት ሴትዮዋ ውሸታም ሆነች ማለት ነው፣ ታሪኩ ተበላሸ። ሳትስት ትጨርሳለች፣ ዳኛውም ይለቃታል።

ይህን ሚና ከሱ በፊት የያዘው ትልቁ ስድስተኛው ናካሙራ ኡታኤሞን ነበር። ታማሳቡሮ ከ1997 ጀምሮ ተረከበውና ለሃያ ዓመት ገደማ ደፍሮ የሚጫወተው ሌላ ሰው ጠፋ። በታህሳስ 2018 ግን ቶኪዮ ጊንዛ በሚገኘው ካቡኪዛ ቴአትር ናካሙራ ባይሺና ናካሙራ ኮታሮ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ከሱ ጋር እየተፈራረቁ ተጫወቱት። እነሱ በሚጫወቱባቸው ቀናት ታማሳቡሮ ቤቱ አልዋለም። ያንን ክፉ ሹም፣ ኢዋናጋን፣ ሆኖ ወጣ። ኢዋናጋ እንደ አሻንጉሊት እየተንቀሳቀሰ የሚያስቅ ሚና ነው። ዓመታት ሙሉ ውቢቱን የሆነ ሰው ሌሎች እንዲያበሩ ብሎ አስቂኙን ክፉ ሰው ሆነ፣ እኔ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይሄን ነው የምወድለት።

ሌላው ዝነኛ ሥራው የሽመላዋ ልጃገረድ ውዝዋዜ ነው። በረዶ እየወረደ፣ ነጭ ሙሽራ ልብስ ለብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች። ልብሱ በክር ተያይዞ የተደራረበ ነው። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ ክሩን በጊዜው ይስበዋል፣ ዓይን ሳይርገበገብ ነጩ ቀይ ይሆናል። መጨረሻ ላይ በረዶው ላይ ተዘርራ ትሞታለች። ይህ አሟሟት በ1922 ጃፓንን ከጎበኘችው ሩሲያዊት ባሌሪና ከአና ፓቭሎቫ ውዝዋዜ የተቀዳ ነው ይባላል። ታማሳቡሮ ይህን ውዝዋዜ በ1984 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ይዞ ሄዷል።

ከካቡኪ ውጭም እጁን ያላስገባበት የለም። ሌዲ ማክቤዝን ተጫውቷል። ፖላንዳዊው አንጄይ ቫይዳ ከዶስቶየቭስኪ ልብወለድ በሠራው ፊልም ናስታሲያንም ልዑል ሚሽኪንንም ሆኖ፣ ማለትም ሴቲቱንም ወንዱንም፣ ብቻውን ወጣው። ፊልም አዘጋጅቷል። በ2008 በቻይንኛ እየዘፈነ የጥንቱን የቻይና ኩንቹ ኦፔራ በኪዮቶና በቤጂንግ አቀረበ፤ ቻይናዎች ፊት የእነሱን ኦፔራ መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። ከ2012 እስከ 2016 ደግሞ በሳዶ ደሴት የሚገኘውን የኮዶ ከበሮ ቡድን በሥነ ጥበብ ዳይሬክተርነት መራ። ሽልማቱን ቶሎ ልለፈው፦ የኪዮቶ ሽልማት በ2011፣ ጃፓን «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» የምትለው ማዕረግ በ2012።

ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ በ2021፣ ከኒዛኤሞን ጋር የልዕልት ሳኩራን ታሪክ መልሰው ተጫወቱት። በሁለቱ ጥምረት ከታየ 36 ዓመት ሆኖት ነበር። ሳኩራ የ17 ዓመት ልጅ ናት። ቲኬቱ ወዲያው አለቀ።

ቶኪዮ ለሚሄድ ሰው ካቡኪዛ ውስጥ ከትርኢቱ አንዱን ክፍል ብቻ ለማየት የሚሸጥ ርካሽ ቲኬት አለ፣ ወንበሩ ላይኛው ፎቅ ነው። ከዚያ አካባቢ ድንገት «ያማቶያ!» የሚል ጩኸት ብትሰሙ አትደንግጡ። የታማሳቡሮ ቤት መጠሪያ ነው፣ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ተዋናዩ ቀጥ ብሎ በሚቆምባት ቅጽበት የሚያወጡት የአድናቆት ጩኸት። ቶኪዮ መሄድ ላልቻለ ደግሞ አኮያም ሽመላዋም ለሲኒማ ቤት ተቀርጸዋል።