«ነውር ነው» እያልን የምናስወስደው ብር፦ ስለ ኤቲኤም ካርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐሙስ ነበር። ጅማ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መርካቶ አካባቢ ሰው በሰው ላይ ነው። ኤቲኤም ተሰልፈን ዝናቡ ጀመረና ሁላችንም ጣራው ስር ተጠጋጋን። ከፊቴ ቡና ሸጠው የመጡ የሚመስሉ አዛውንት ነበሩ። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ውስጡ ካርዳቸው፣ መታወቂያቸው እና አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለ። ወረቀቷ ላይ አራት ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል። ዞር አሉና ከኋላቸው ለቆመው ወጣት «ልጄ፣ እስቲ 3000 ብር አውጣልኝ» ብለው ሁሉንም ሰጡት።

ወጣቱ ጨዋ ነበር። ብሩን፣ ካርዱን፣ ወረቀቷን አንድ በአንድ መለሰላቸው። መርቀውት ሄዱ። ያቺን ወረቀት ግን እኔን ጨምሮ ጣራው ስር የነበረ ሰው ሁሉ አይቷታል።

ለዓመታት ባንክ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ብሩ ተወስዶበት የመጣ ሰው ታሪኩን ሲነግረኝ አንድ ነገር ሁሌ ይደጋገማል። «ይሉኝታ ያዘኝ።» «እምቢ ማለት አፈርኩ።» ሌባው ማሽኑን አልሰበረም፣ ኮምፒውተሩንም አላሸነፈም። የሠራው በይሉኝታችን ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይገናኛሉ።

«ቁጥሩን መሸፈን ሰውን መጠራጠር ነው»

አይደለም። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ብር ሲፈቱ ዞር ይላሉ። እስከዛሬ ማን ተቀይሟቸው ያውቃል? ፒን፣ ማለት የካርዱን ምስጢር ቁጥር፣ ስትመቱ በሌላኛው እጃችሁ መሸፈን ያው መዞር ነው።

እጃችሁ የሚከልለው ከኋላ የቆመውን ሰው ብቻ አይደለም። ሌቦች ማሽኑ ላይ ትንሽ ካሜራ ደብቀው ቁጥሩን የሚቀርጹበት መንገድ አለ። እጅ ጣል ከተደረገበት ያ ካሜራ የሚያየው ጣት ብቻ ነው። ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ይህን ያህል የሚጠብቅ ሌላ ዘዴ አላውቅም። ጓደኛችሁም አጠገባችሁ ቢቆም ሸፍኑ። በጣም የተጠጋችሁን ሰው «ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በልልኝ» በሉት። ደንግጦ ይርቃል እንጂ አይጣላችሁም።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ልበል። 1234፣ 1111 እና የልደት ዓመት ሌባ መጀመሪያ የሚሞክራቸው ናቸው። ቦርሳ ሲሰረቅ መታወቂያውም አብሮ ይሄዳል፤ መታወቂያው ላይ ደግሞ የልደት ዓመቱ አለ።

ማሽኑ ለማይገባቸው አባቶችና እናቶችስ? ይህ በጣም ያሳስበኛል። «ለማንም አትስጡ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ብሩን ግን ማውጣት አለባቸው። የባንክ ደብተራቸውን ይዘው መስኮት ላይ ቢያወጡ ይሻላል። ወረፋው ይረዝማል፣ አዎ። ካልሆነም ከቤት አንድ የሚታመን ልጅ ተመርጦ እሱ ብቻ ያውጣላቸው። ወረፋ ላይ የተገኘ ሰው አይሁን። የበሩ ጥበቃም ቢሆን አይሁን። የቡና ብር የዓመት ብር ነው። ከሰቃም ከማናም የሚመጡት አባቶች ከጥቅምት በኋላ አካውንታቸው ውስጥ ያለው የቤቱ ሁሉ ነገር ነው።

«ካርዱ እጄ ላይ ካለ ብሬም አለ»

አንዲት ሴት መስኮቴ ጋ መጥታ «ካርዴ እምቢ አለ» አለችኝ። ካርዱን ተቀብዬ ሳየው የወንድ ስም ተጽፎበታል። «እህቴ፣ ይሄ የማነው?» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ካርድ ይዛ ሰንብታለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ አስቸግሯት ቆማ ሳለ አንድ ትሁት ሰው «አምጪው እስቲ፣ አቧራ ይዞት ይሆናል» አላት። ካርዷን ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገና መለሰላት። የመለሰላት ግን ቀለሙም ባንኩም አንድ የሆነ ሌላ ካርድ ነው። «በይ አሁን ቁጥሩን ምቺ» አላት። መታች፤ እሱም አየ። ማሽኑ «የተሳሳተ ቁጥር» ሲላት «ኔትወርክ ነው፣ ነገ ይሻላል» ብሎ አጽናንቶ ሸኛት። «መከልከል አፍሬ ነው» ነበር ያለችኝ።

ካርዳችሁ ከእጃችሁ ወጥቶ ከተመለሰ ወዲያው እዩት። ቶሎ የሚሰጡት ካርዶች ላይ ስም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ካርዱን «ሲበላው» ነው። አንዳንዴ እውነትም ማሽኑ ነው የሚይዘው፤ ፒን በተደጋጋሚ ሲሳሳት ማስቀረቱ የታወቀ ነው። አንዳንዴ ግን ሌባ የማሽኑ አፍ ውስጥ ቀጭን ነገር አስገብቶ ካርዱ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከዚያ አንድ አዛኝ ሰው ብቅ ይልና «ፒኑን ደግመህ ብትመታ ይተፋዋል» ይላል። ትመታላችሁ፣ ያያል። ተስፋ ቆርጣችሁ ስትሄዱ ካርዱን ጎትቶ ያወጣዋል። ካርዱ ከተያዘባችሁ ፒን አትድገሙ። ከቦታው ሳትነቃነቁም ወደ ባንኩ ደውሉ።

ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ላላችሁ ሦስተኛም አለ። በኢንተርኔት ለመግዛት ካርዱ ራሱ አያስፈልግም። ፊት ያለው ረጅም ቁጥር፣ የሚያበቃበት ወርና ዓመት፣ ከጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። የካርዳችሁን ፎቶ በቴሌግራም ላካችሁ ማለት ካርዱን ሰጣችሁ ማለት ነው።

«ቺፕ ያለው ካርድ አይቀዳም»

ግማሽ እውነት ነው። ቺፑ፣ ማለት ካርዱ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ብረት መሳይ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለሚያወጣ ያንን መቅዳት ለሌባ ብዙ አይጠቅመውም። ግን ካርዱን ገልብጡት። ጥቁር መስመር ካለው፣ እዚያ ላይ ያለው መረጃ ዛሬም ነገም ያው ነው። ሌቦች የሚቀዱት እሱን ነው፤ በማሽኑ አፍ ላይ በሚለጠፍ ሌላ አፍ። ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት አፉን ነካ፣ ነቅነቅ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ማሽን ፈልጉ። ሆቴል ስትከፍሉም ካርዱ ጓዳ አይግባ። የካርድ መክፈያው (ፖስ) ማሽን ወደ እናንተ ይምጣ።

«ስሜን ካወቀ ከባንክ ነው የደወለው»

ይህ በጣም ያበሳጨኛል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስማችሁን ማወቅ ቀላል ነው። በሞባይል ባንኪንግ ብር ልትልኩ አካውንት ቁጥር ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይወጣል አይደል? የሱቆቻችን ግድግዳ ደግሞ በአካውንት ቁጥር ተሞልቷል። ሌባው ቁጥሩን ያስገባል፣ ስሙን ያነባል፣ ሳይልክ ይተወዋል። ከዚያ ይደውላል።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ከባንክ ነው። ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ አካውንትዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው።» ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ከኋላው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል። አማርኛችሁ ሲያንገራግር ወደ አፋን ኦሮሞ ይቀይርላችኋል፤ «የኛው ልጅ ነው» ትላላችሁ። ከዚያ «አሁን አንድ ቁጥር በመልእክት ይገባልዎታል፣ እሱን ይንገሩኝ» ይላል።

ያ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው። የገባላችሁም እሱ ራሱ በእናንተ ስም ሊገባ እየሞከረ ስለሆነ ነው። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ፒን አይጠይቅም፣ በመልእክት የመጣ ኮድም አይጠይቅም። ሥራውን ለመሥራት አያስፈልገውም። እኔም መስኮት ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የማንንም ፒን ማወቅ አስፈልጎኝ አያውቅም።

ስልኩን ዝጉት። ሳትሰናበቱ ዝጉት። ከዚያ የባንካችሁን ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። የንግድ ባንክ ለምሳሌ 951 ነው፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994። ደዋዩ መልሶ «በዚህ ደውሉ» ብሎ የሰጣችሁን ቁጥር ግን ተዉት።

«ሽልማት ደርሶዎታል፣ ብሩን ለማስገባት ፒንዎን…» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ብር ለመቀበል ፒን አያስፈልግም። አካውንት ቁጥር ይበቃል።

«ፒኑን ገልብጠህ ብትመታ ፖሊስ ይመጣል»

ይህ በየጊዜው በስልክ እየተላከ የሚዞር ወሬ ነው። አይመጣም። ቁጥሩ 2442 ቢሆንስ ምን ሊገለበጥ ነው? አስገድዶ የሚዘርፍ ሰው ካጋጠማችሁ ነፍሳችሁን አትርፉ። ማሽኑ ግን ማንንም አይጠራም።

«ካርዱን ካሳገድኩ አካውንቴም ይዘጋል»

ሰዎች በዚህ ፍርሃት ስንት ሰዓት እንደሚያባክኑ ባያችሁ! ካርድ ሲታገድ የሚቆመው ካርዱ ነው። ብሩ አካውንቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ደሞዝም ይገባል፣ በደብተርም ይወጣል። ካርዱ ኋላ ቢገኝ እንኳ የምትከስሩት ጊዜና የአዲስ ካርድ ክፍያ ነው።

«ሰኞ ቅርንጫፍ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አትበሉ። ቅዳሜ ማታ የጠፋ ካርድ ቅዳሜ ማታ ይታገድ። የባንካችሁን ቁጥር ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ካርዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «አትጨነቁ፣ ባንኩ ይመልሳል» ይሉናል። እነሱ የሚያወሩት በአብዛኛው ስለ ክሬዲት ካርድ ነው። እዚያ ሕጉ ያልፈቀዱትን ክፍያ ቢበዛ 50 ዶላር ነው የሚያሸክማቸው፤ ብሩም የባንኩ ብድር እንጂ የኪሳቸው አይደለም። እኛ የያዝነው ከቁጠባችን ጋር የታሰረ ዴቢት ካርድ ነው። ሲወጣ የወጣው የራሳችን ብር ነው። እዚያም ቢሆን ዴቢት ካርድ ላይ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያላሳወቀ ሰው ኪሳራው እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ፍጥነት እዚያም እዚህም ዋጋ አለው።

«ማሽኑ ቆረጠብኝ፣ ተሰረቅኩ»

ብር ሳይወጣ ከአካውንት ሲቀነስ ብዙ ጊዜ የሲስተም ችግር ነው እንጂ ሌባ አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ይመለሳል። ደረሰኙን ያዙ፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግቡ፣ ለካርዳችሁ ባንክ አመልክቱ። አጠገባችሁ ሆኖ «እኔ ላስመልስልህ» የሚል ሰው ግን አትስሙ።

የተገላቢጦሹም አለ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ሲዛባ ተማሪዎች ከሌላቸው በላይ አወጡ፤ ከእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲም ነበሩ። «ማሽኑ ሰጠኝ» ማለት ግን አላዋጣም። ባንኩ መልሱ አለ፣ ያልመለሱትን በስምና በፎቶ አወጣ። እያንዳንዱ ወጪ ስምና ሰዓት አለው።

«ስክሪን ሾቱን አየሁት፣ ብሩ ገብቷል»

ይህ ለነጋዴዎች ነው። ስክሪን ሾት ስዕል ነው። ስዕል ደግሞ በስልክ ይሠራል። ባላንሳችሁን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ዕቃ አታስወጡ። ደንበኛው «አታምነኝም እንዴ?» ሊል ይችላል። «አምንሃለሁ፣ ግን ይግባልኝ» በሉት።

«የተማረ ሰው አይታለልም»

ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። መስኮቴ ጋ ያለቀሱት ግን መሃይም ብቻ አልነበሩም። ነርስ ነበሩ፣ መሐንዲስ ነበሩ። የተማረ ሰው ልዩነቱ ከተታለለ በኋላ ነው። ይደብቃል። ገበሬው «ሌባ በላኝ» ብሎ ይጮሃል። ምሁሩ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዝም ይላል።

ዝም ማለት አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ያስቀጣል። ለፖሊስ የሚቀርበው አቤቱታ ሰዓቱን፣ የደወለውን ቁጥር እና ብሩ የሄደበትን አካውንት ከያዘ መነሻ አለው። መልእክቶቹን አታጥፉ።

አንድ መምህር ትዝ ይለኛል። ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ሌላውን አስቀደመ። ደግሞ ሌላውን አስቀደመ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ኮዱን በስልክ ሰጥቷል። «መቼ?» አልኩት። «ሰኞ» አለኝ። ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ብሩ የሄደበትን አካውንት ከፈትነው። እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። ሐሙስ 40 ብር ነበር የቀረው።