ዘር መለዋወጥ ምንድን ነው?

ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ዘር ሰጠኝ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ቲማቲም፣ ቆንጆ» ይላል። በቃ። ዘራሁት፤ በቀለ፤ አፈራ። እውነትም ቆንጆ ነው። ቁመቱ ከእኔ እንደሚበልጥ ግን ማን ነግሮኝ? ድጋፍ ስላልተከልኩለት ግማሹ መሬት ላይ ተጋድሞ በሰበሰ። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን ለሌላ ሰው ስሰጥ ፖስታው ላይ «ረጅም ነው፣ እንጨት ይፈልጋል» የሚል ጨመርኩበት።

ዘር መለዋወጥ በአጭሩ ይኸው ነው። ጓሯቸው ውስጥ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ከገዛ ተክላቸው የያዙትን ዘር፣ ስለ ዘሩ ከሚያውቁት ነገር ጋር፣ ያለ ገንዘብ ይሰጣጣሉ። አንዱ የቃሪያ ዘር ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ የሰላጣ። ቀን ቆርጠው ተሰባስበው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚለዋወጡ አሉ። በፖስታ የሚላላኩም አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ በአጥር ላይ የሚያልቅ ነው። ሂሳብ የሚተሳሰብ የለም። ምንም ይዞ ያልመጣ ጀማሪ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም።

ለምን ይለዋወጣሉ? መጀመሪያ ነገር፣ ዘር ይተርፋል። አንዲት የቲማቲም ፍሬ ውስጥ ከመቶ በላይ ዘር ሊኖር ይችላል። አንድ እግር ሰላጣ ሳይቆረጥ እንዲያብብ ከተተወ በሺህ የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ይህን ሁሉ የት ትዘሩታላችሁ?

ለእኔ የሚበልጠው ግን ሌላው ምክንያት ነው። ዘራችሁን ለሰው ስትሰጡ መጠባበቂያ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። አንድ ዓመት በረዶ የፎሶሊያ መደቤን እንዳልነበረ አደረገው። ቤት የነበረውን ዘር ደግሞ አንድም ሳላስቀር ዘርቼው ነበር። ምን ይደረግ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዘሩን የሰጠኋት ጎረቤቴ ጋ ሄጄ የራሴን ፎሶሊያ ለመንኩ። ሁለት እፍኝ ሰጠችኝ። ትንሽም ሳቀችብኝ።

ይህንኑ በሰፊው የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ከታወቁት አንዱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው «ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ» ነው። መነሻው ትልቅ ፕሮጀክት አልነበረም። አንድ አያት ለልጅ ልጃቸው የሰጧት የቲማቲምና የአበባ ዘር ነው። ልጅቷና ባለቤቷ «እንዲህ ያለ የቤተሰብ ዘር ያለው ሌላ ማን ነው?» ብለው ማፈላለግ ጀመሩ።

እንግዲህ መስጠቱ ቀላል ነው። የሚሰጡት ነገር ምን እንደሆነ ማወቁ ነው ሥራ ያለበት።

የገዛችሁት የዘር ፓኬት ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ዘሩ ድቅል ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ማለት ነው። ይህ ትውልድ አንድ ወጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብርቱ ነው። ከእሱ ዘር ይዛችሁ ስትዘሩ ግን ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣል። የዘር ውርስን ያጠናው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድቡልቡል ሆነ። ከእነዚያ ያገኘውን ቀጣይ ትውልድ ሲቆጥር 5474 ድቡልቡል፣ 1850 ደግሞ የተጨማደደ ሆኖ አገኘው። (ቁጭ ብሎ ለመቁጠሩስ!) ጠፋ የተባለው አያት የልጅ ልጁ ላይ ብቅ አለ። ይህ እንግዲህ አንድ ባሕርይ ብቻ ነው። መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ በሽታ መቋቋሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲበታተን አስቡት።

ለመለዋወጥ የሚመረጠው ስለዚህ ልጁ ወላጁን የሚመስል ዘር ነው። ለብዙ ትውልድ ተዘርቶ፣ ተለቅሞ፣ ጠባዩ የረጋ። ከድቅል ዘር መያዝ ነውር የለውም፤ አንዳንዴ የሚገርም ነገር ይወጣል። ለሰው ስትሰጡት ግን ንገሩት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አበባውን ማን ጎበኘው የሚለው ነው። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ አተርና ፎሶሊያ እዚህ ላይ አያስቸግሩም። ወንዴውም ሴቴውም እዚያው አንድ አበባ ውስጥ ስላለ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ሁለት ዓይነት ሰላጣ በጥቂት ሜትር አራርቃችሁ ብትተክሉ ዘሩ እምብዛም አይቀላቀልም። ጀማሪ በእነዚህ ይጀምር።

ቃሪያ ተንኮለኛ ነው። ራሱን ማዳቀል ይችላል፤ ንብ ከመጣች ግን እንግዳ አይመልስም። የማያቃጥለው ከሚያቃጥለው ጎን ቢተከል የዘንድሮው ፍሬ ምንም አይሆንም። ጉዱ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ይኼ እንኳ አያቃጥልም» ብሎ የገመጠ ሰው ውሃ ውሃ ይላል።

በቆሎ፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ በነፋስ ነው የሚዳቀሉት። የቀይ ሥር የአበባ ብናኝ ኪሎ ሜትሮችን ሊጓዝ ይችላል። ቀይ ሥርና ቆስጣ ደግሞ መልካቸው ይለያይ እንጂ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ይዳቀላሉ። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊም እንዲሁ አንድ ዝርያ ናቸው። አብረው ካበቡ ልጆቻቸው የትኛውንም አይመስሉም። ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር በዚያ ላይ የሚያብቡት በሁለተኛው ዓመት፣ ያውም ቅዝቃዜ ካገኙ በኋላ ነው። በቆሎ ደግሞ ከጥቂት እግር ብቻ ዘር ከተያዘለት በትውልድ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል፤ አንድ መቶና ከዚያ በላይ ተክል ይፈልጋል። ትንሽ ጓሮ ላለው ሰው እነዚህ አይመከሩም። እኔም ትቻቸዋለሁ።

ዱባና ዝኩኒ ላይ ግን የምናገረው አለኝ፤ ተዋርጄበታለሁና። አንድ ዓመት ዝኩኒ ተከልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ለጌጥ የሚተከሉ ትንንሽ ቅሎች ነበሩ። ዝኩኒዬ እንደወትሮው ጣፋጭ ነበር፤ ዘር ያዝኩና ለሦስት ሰው አደልኩ። በዓመቱ አንዷ ደወለችልኝ። «ስማ፣ ይኼ የሰጠኸኝ ነገር ሐሞት ነው።» እውነቷን ነው። ዝኩኒና አብዛኞቹ የጌጥ ቅሎች አንድ ዝርያ ናቸው። ሲዳቀሉ ኩከርቢታሲን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር ሊመለስ ይችላል። ቀልድ አይደለም፤ ሆድ ክፉኛ ያውካል፣ ሲበስልም አይጠፋም። ዝኩኒ ወይም ዱባ ከመረራችሁ ትፉት፤ ተክሉንም ንቀሉት።

ከዚያ በኋላ በእጄ ማዳቀል ተማርኩ። አስቸጋሪ ይመስላል እንጂ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ፍሬ ይዛለች፤ ወንዴው ቀጥ ያለ አገዳ ብቻ ነው። ምሽት ላይ በማግስቱ የሚከፈቱትን ትፈልጋላችሁ። ጫፋቸው ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ገና ግን አልተፈቱም። ንብ እንዳትቀድማችሁ ሁለቱንም በክር ወይም በፕላስተር ጫፋቸውን ታስራላችሁ። ጠዋት ወንዴውን ቆርጣችሁ ቅጠሉን ትልጡና መሃሉ ላይ ያለውን ብናኝ ሴቴዋ ውስጥ ታሻላችሁ። ከዚያ ሴቴዋን መልሳችሁ ታስራላችሁ። አገዳዋ ላይ ባለ ቀለም ክር እሰሩ፤ አለበለዚያ ያቺን ፍሬ አንድ ቀን ሳታውቁ ትበሏታላችሁ። እኔ በልቻለሁ።

ሌላው ጀማሪን የሚያሳስተው ለመብል የደረሰና ለዘር የደረሰ አንድ አለመሆኑ ነው። ኪያር የምንበላው በልጅነቱ ነው። ለዘር ግን ቢጫ ሆኖ፣ አብጦ፣ ሰው የማይነካው እስኪሆን ተክሉ ላይ ይቆያል። ቃሪያም አረንጓዴው ገና ነው፤ እስኪቀላ ወይም የመጨረሻ ቀለሙን እስኪይዝ ይጠበቃል። ፎሶሊያ ቆባው ደርቆ ሲነቀነቅ መንኳኳት አለበት።

ቲማቲም ሲሆን ፍሬውም ዘሩም አብሮ ይደርሳል። ዘሩ ግን ቀጭን ዝልግልግ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለበት። ይህን ለማስለቀቅ ዘሩን ከነውሃው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁት፤ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበትና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ላዩ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ይሸታል። ቤተሰብ ያጉረመርማል። የኔን ብርጭቆ አንዴ «የተበላሸ» ተብሎ ደፍተውብኛል፤ ከዚያ ወዲህ «እንዳይደፋ» የሚል ወረቀት እለጥፍበታለሁ። ከሦስት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ እዚያው መብቀል ይጀምራል። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት። ደህናው ዘር ይዘቅጣል፤ ሻጋታውና ባዶው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን እየደፋችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ሳህን ላይ አስጡት። ወረቀት ላይ ካሰጣችሁት ተጣብቆ አይለቅም።

ዘር የሚያዘው ከየትኛው እግር ነው? ከምርጡ እንጂ ከተረፈው አይደለም። ብዙ ሰው ጥሩ ጥሩውን በልቶ የቀረውን ለዘር ይተዋል፤ ሳያውቀው ደካማውን እያራባ ነው። ሰላጣ ላይ ደግሞ ቀድሞ ወደ አበባ የሮጠውን ለዘር መያዝ ትልቅ ስሕተት ነው። ልጆቹም እንዲሁ ቅጠል ሳይሰጡ ይሮጣሉ። ቅጠሉ ተጨማዶ መልኩ የተዥጎረጎረ ተክልም ይቅርባችሁ። የፎሶሊያና የሰላጣ ሞዛይክ ቫይረሶች በዘር ይተላለፋሉ፤ በሽታ ለወዳጅ በፖስታ መላክ ይሆናል።

ማድረቅና ማስቀመጥ ላይ ብዙ አልልም። ጥላ ውስጥ፣ አየር ባለበት አስጡት። የዱባ ዘር ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ አልደረቀም። ዘር ጠባቂዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ አለ። የዘሩ እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የሚቀመጥበት ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ። ፎሶሊያ ውስጥ ነቀዝ ከጠረጠራችሁ በደንብ የደረቀውን ዘር ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዩት። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አታምኑት። የቲማቲምና የኪያር አምስት ዓመት እንኳ ሊቆይ ይችላል።

የቆየ ዘር ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት አሥሩን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ስንቱ በቀለ? ቃሪያ ቢዘገይ አትፍረዱበት፤ ሁለት ሳምንት ስጡት። ስምንት ከበቀለ ጥሩ ነው። ሦስት ከበቀለ ፖስታው ላይ «ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩ» ብላችሁ ጻፉ።

ፖስታው ላይ ምን ምን ይጻፍ? የአትክልቱ ስምና ዓይነቱ፣ ዘሩ የተያዘበት ዓመት፣ ከየት እንደመጣ። ቁመቱ። አጠገቡ ምን ተተክሎ እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁ ስም አታውጡለት። አንዱ ባወጣው ስም ላይ ሌላው ሌላ ሲጨምር፣ ከሦስት እጅ በኋላ አንድ ቲማቲም አራት ስም ይዞ ይዞራል።

ሕግም አለ፤ እንደየአገሩ ይለያያል። ዘር ድንበር ሲሻገር በአብዛኛው የጤና ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማለፍ የአንዱን አገር ተባይ ለሌላው መውሰድ ሊሆን ይችላል። አዳቅሎ ያወጣው ሰው ወይም ድርጅት መብቱን ያስመዘገበበት ዓይነት ከሆነም ማባዛትና ማከፋፈል ላይ ገደብ ሊኖር ይችላል። የቆዩ፣ ከእጅ ወደ እጅ የመጡ ዓይነቶች ላይ እንዲህ ያለው ጣጣ እምብዛም አይገጥምም።

ከዝኩኒው ጉድ በኋላ ያልታወቀ ዘር ላለመስጠት ምዬ ነበር። ባለፈው ግን የቲማቲም መደቤ ውስጥ ሳልዘራው የበቀለ፣ ፍሬው ብርቱካንማ የሆነ አንድ ተክል ዘር ያዝኩ። ፖስታው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቲማቲም። ምናልባት ከድቅል የመጣ። ምን እንደሚወጣው አላውቅም። ረጅም ነው፣ እንጨት ይፈልጋል።» ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኳቸው ሁሉ መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው።